የቆዩ የእጅ የመኪና እሽቅድምድም ጌሞች፦ አሰባሰባቸውና የዋጋቸው አተማመን

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ኦቶ ሬስ የተባሉ ጌሞች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሲያዩት ትናንት ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል፤ ፕላስቲኩ ጭረት የለውም፣ ጽሑፉም አልደበዘዘም። የሁለተኛው ማዕዘን ተፈግፍጓል፤ ጀርባው ላይም አንድ ልጅ ከብዙ ዘመን በፊት ስሙን በሚስማር ጫፍ ጽፎበታል። ባትሪ ሲገባላቸው ግን ቀይ መብራቱን አብርቶ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ውድድር የሚጀምረው ይኸው የተፈገፈገው ነው። የፊተኛውን የባትሪ ክዳን ስከፍት ያገኘሁት አረንጓዴ ዝገት ሽቦውን ተከትሎ እስከ ሰርኪዩት ቦርዱ ድረስ ዘልቋል። ለእርሱ የከፈልኩት ገንዘብ የሁለተኛውን እጥፍ ነበር፤ ምክንያቱም የገዛሁት የፊቱን ፎቶ ብቻ አይቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምመራበት ሐሳብ አንድ ነው። የአንድ ጌም ዋጋ የሚነሳው እቃው ሙሉና ጤነኛ ሲሆን ሰዎች በእርግጥ ከሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ የጎደለውንና የተበላሸውን እየለዩ መቀነስ ነው። በመሆኑም መመርመር ያልተማረ ሰው መተመን አይችልም፤ ከዚህ በታችም ለምርመራው ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጀመር ይሻላል

ዘርፉ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ልሰብስብ ብሎ የሚነሳ ሰው ቤቱን የማይሠራ ፕላስቲክ ሞልቶበት ይቀራል። ከአንድ ዘመን ወይም ከአንድ ዓይነት ስክሪን መጀመር የተሻለ ነው። የእኔ ምርጫ የዘርፉ መነሻ የሆነው ጌም ነበር። ማቴል የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች በ1976 ለገበያ ያቀረበው ኦቶ ሬስ፣ የሚንቀሳቀስ ሜካኒካል ክፍል ሳያስፈልገው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የመጀመሪያው የእጅ ጌም ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የማቴል ባልደረባ ጆርጅ ክሎስ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ቺፑን ባቀረበው በሮክዌል ይሠራ የነበረው ማርክ ሌሰር ነው። ቺፑ የካልኩሌተር ቺፕ ስለነበረ ለፕሮግራሙ የተገኘው ቦታ 512 ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ያን ሙሉ የመኪና ውድድር የያዘው ቦታ ከ170 የማይበልጡ ፊደላትን ብቻ ይችላል፤ ይህ አንቀጽ እንኳ አይገባበትም።

አጨዋወቱ ቀላል ቢሆንም ልብ ያንጠለጥላል። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ መኪኖቹ ትናንሽ ቀይ መብራቶች ናቸው፣ የተጫዋቹም መኪና ከሌሎቹ ደመቅ ብሎ ከታች ይነሳል። ተጫዋቹ በአንድ ማብሪያ መስመር እየቀየረ፣ በሌላው ደግሞ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ማርሽ እየለወጠ፣ ሳይጋጭ አራት ዙር በ99 ሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለበት። ማርሹ በጨመረ ቁጥር ከፊት የሚመጡት መኪኖች ይፈጥናሉ። ይህን ማወቅ ለሰብሳቢ ጥቅም አለው፤ እቃውን ሲፈትኑ አራቱም ማርሾች የተለያየ ፍጥነት መስጠታቸውን፣ መኪናውም ሦስቱንም መስመር መርገጡን ካላረጋገጡ «በርቷል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም።

ከመብራት ወደ ፈሳሽ ክሪስታል (ኤልሲዲ) ስክሪን የተሻገረው ዘመን የራሱ ድንቅ እቃዎች አሉት። የጃፓኑ ቶሚ በ1983 ያወጣው ተንደሪንግ ተርቦ እንደ ሩቅ ማሳያ መነጽር በሁለት ዓይን የሚታይ ሲሆን፣ መንገዱ ጥልቀት ኖሮት ይታያል፤ ብርሃን የሚያገኘውም በአናቱ ካለው ብርሃን አስተላላፊ ክዳን ነው። ስለዚህ በጨለማ ክፍል ፈትኖ «ስክሪኑ ሞቷል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎ እቃውን ወደ መስኮት ይዘው ይሂዱ። በሶቪየት ኅብረት ኤሌክትሮኒካ በሚል ስም ይወጡ ከነበሩት የእጅ ጌሞች መካከል ደግሞ አቭቶስላሎም የተባለው የመኪና ጌም አለ፤ ፈላጊዎቹ በአብዛኛው በዚያ ያደጉ ሰዎች ናቸው።

በ1989 ገበያ የወጣው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ ካርትሪጅ፣ ማለትም ጌሙን የያዘውን ተነቃይ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ መሰብሰብ ለሚሹ ጥሩ መነሻ ነው። ኤፍ-1 ሬስ የተባለው ጌም አራት ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያወዳድር ሲሆን፣ አራት ጌም ቦይ ከሚያያይዘው ዲኤምጂ-07 ማገናኛ ጋር በአንድ ካርቶን ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ካርትሪጁ ብቻውን በቀላሉ ይገኛል፣ ካርቶኑ ከነማገናኛው ግን ሌላ እቃ ነው። ለጌም ቦይ ከለር የወጣው ቶፕ ጊር ፖኬት በካርትሪጁ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሞተርና ለእርሱ የሚሆን አንድ ትሪፕል ኤ ባትሪ አለው። በጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ኤፍ-ዜሮ ማክሲመም ቬሎሲቲና ማሪዮ ካርት ሱፐር ሰርኪት በ2001 ወጥተዋል። ኤፍ-ዜሮ ክላይማክስ ግን በ2004 በጃፓን ብቻ ተሸጠ፤ አድቫንስ የአገር ገደብ ስለሌለው በየትኛውም አገር በተገዛ መሣሪያ ላይ ይሠራል።

ለእኛ አገር ሰብሳቢ የምመክረው ግን ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቻችን «ቴትሪስ» እያልን ያደግንበት፣ ከቻይና የመጣው ብሪክ ጌም በውስጡ የመኪና ውድድር ነበረው። ስክሪኑ በ10 በ20 ካሬዎች የተሠራ ሲሆን፣ መኪናው ከሰባት ካሬ ይገነባል፤ አንድ በአፍንጫው፣ ሦስት በትከሻው፣ አንድ በወገቡ፣ ሁለት በኋላ እግሩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 9999 የጌም ብዛት ፍጥነቱንና ደረጃውን እያባዙ የተገኘ ቁጥር ነው፤ በእውነት የተለያዩት ጌሞች ጥቂት ናቸው። ማንም እንደ ቅርስ ስላልቆጠራቸው ከቤት ዕቃ ጋር ለቁራሌው ተሰጥተዋል፣ ወይም በየመሳቢያው ተረስተዋል። በምናለሽ ተራና በየሰፈሩ ያገለገለ እቃ በሚሸጥበት ቦታ ጠይቁ፤ አክስትና አጎቶቻችሁንም ጠይቁ። አምራቻቸው በግልጽ ያልተጻፈባቸው፣ ቀለማቸውና ቅርጻቸው እጅግ የተለያዩ ስለሆኑ ፎቶ አንስቶ፣ የሞዴል ቁጥሩን ከጀርባው ገልብጦ መመዝገብ ራሱ ጠቃሚ ሥራ ነው።

ምርመራው ከባትሪው ቤት ይጀምራል

የፊቱን ገጽ ማየት ከመጀመርዎ በፊት ጀርባውን ይክፈቱ። ክዳኑ አለ? ክዳኑን የሚይዘው ቀጭን ምላስ አልተሰበረም? በዚህ ዘርፍ ከምንም በላይ የሚጠፋው ይህ ክዳን ነው፤ የሌላ ሞዴል ክዳን ደግሞ አይገጥምም። ከዚያ ሞላዎቹንና የብረት ቁርጥራጮቹን ይመልከቱ። ነጭ እንደ ጨው ያለ ብናኝ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ፈስሷል ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ ዝገቱ መኖሩ ሳይሆን የት ድረስ እንደሄደ ነው። ሞላው ላይ ብቻ ከቀረ በግማሽ ሰዓት ይጸዳል፤ ሽቦው ከተበላ ሽቦ ይቀየራል፤ በቦርዱ ላይ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ከተበሉ ግን እቃውን እንደ መለዋወጫ ቁጠሩት።

የማጽዳት ሥራው እንዲህ ነው። የአልካላይን ባትሪ የሚያፈሰው ነገር ቤዝ ስለሆነ የጆሮ ጥጥ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ እርጥብ አድርገው ብናኙን ይንኩት፤ ትንሽ አረፋ ያወጣና ይላላል። ጥጡ ይንጠባጠብ ዘንድ መንከር አያስፈልግም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከጠረጉት በኋላ አሲዱ በተራው ብረቱን እንዳይበላ ቦታውን 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ደጋግመው ያጽዱትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይተዉት። ርካሽ የሆነው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ የሚያፈሰው ግን አሲድነት ያለው ስለሆነ አቼቶ አይረዳውም፤ ለእርሱ በጥቂት ውኃ የተለወሰ የመጋገሪያ ሶዳ ይሻላል። ጓንት ያድርጉ፤ ዓይንዎንም በእጅዎ አይሹ።

ቀጥሎ ስክሪኑ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ዓይነትም የራሱ በሽታ አለው። እንደ ኦቶ ሬስ በትናንሽ ቀይ መብራቶች የሚሠሩት በጣም ጠንካሮች ናቸው፤ አንዲት ነጥብ ብትጠፋ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብየዳ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡት የቫኩም ፍሎረሰንት ስክሪኖች ውስጣቸው አየር የሌለው የመስታወት ቱቦ ናቸው። በቱቦው ጥግ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቷል፤ ያ ቱቦ ከእንግዲህ አይበራም፣ የሚጠገንበትም መንገድ የለም። እቃው ሳይበራ እንኳ ይህን ማየት ስለሚቻል «ባትሪ ስለሌለኝ አልሞከርኩትም» በሚል ሻጭ ፊት ትልቅ ጥቅም አለው።

በፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እንደ ቀለም ጠብታ የተስፋፋ ጥቁር እድፍ መስታወቱ መሰንጠቁን ያሳያል፤ አይድንም። ሙሉ ስክሪኑ ቡናማ ሆኖ ከደበዘዘ ወይም ከተላጠ የተበላሸው ከላይ የተለጠፈው ፖላራይዘር የተባለው ስስ ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ተልጦ በሌላ ይተካል፣ ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥቂት ቅርጾች ብቻ ከጠፉ ስክሪኑንና ቦርዱን የሚያገናኘው ላስቲክ ቆሽሾ ይሆናል፤ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ሁለቱንም ጫፍ በአልኮል መጥረግ ብዙ ጊዜ ይመልሳቸዋል። የመጀመሪያው ጌም ቦይ ስክሪን ላይ የሚታዩት ወደ ታች የሚወርዱ ባዶ መስመሮች ደግሞ በታችኛው ጠርዝ ያለው የሪባን ግንኙነት መላላቱን ያመለክታሉ፤ የለመደ እጅ በመበየጃ ሙቀት ቀስ ብሎ ሲያልፍበት ይመለሳሉ። ብዙ ሻጮች ይህን ስለማያውቁ እንዲህ ያለውን ጌም ቦይ በወደቀ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ለሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ግዢ ጥቂት ነው።

በ1990 የወጣው የሴጋ ጌም ጊር ለብቻው ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ሱፐር ሞናኮ ጂፒ የተባለው የመኪና ውድድር ከመሣሪያው ጋር በጃፓን የወጣ ድንቅ ጌም ነው፤ ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ የቦርድ ክፍሎች) ከጊዜ ብዛት ፈሳሻቸውን ያወጣሉ። ስክሪኑ የደበዘዘ፣ ድምፁ የሳሳ ወይም ጨርሶ የጠፋ ጌም ጊር ሲያገኙ የካፓሲተር መቀየሪያውን ወጪ አስቀድመው ከዋጋው ይቀንሱ። ገና ጤነኛ የሆነውም ቢሆን ካፓሲተሩ ካልተቀየረ ተራውን እየጠበቀ ነውና «ተቀይሯል» ለሚል ሻጭ ጥቂት መጨመር ተገቢ ነው፤ ሥራው የተሠራበትን የቦርዱን ፎቶ ግን ይጠይቁ።

የኃይል መሰኪያ ያላቸውን የድሮ ጌሞች ባገኙት አዳፕተር አይፈትኑ። በዚያ ዘመን የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያይ ስለነበር፣ የተገለበጠ አዳፕተር ሊተካ የማይችለውን ቺፕ በአንድ ሰከንድ ሊያቃጥል ይችላል። በባትሪ መፈተን ይበቃል።

እቃው በኢንተርኔት የሚገዛ ከሆነ እጅዎ ሊደርስበት ስለማይችል ፎቶው የእጅዎን ሥራ መሥራት አለበት። የተከፈተ የባትሪ ቤት፣ የበራ ስክሪን፣ እንዲሁም መኪናው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይጠይቁ። በመኪና ጌም ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የማይሠራ እቃ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ልጆች የሚጫኑት አንዱን ቁልፍ አብዝተው ነው። «አልተፈተነም» የሚለውን ቃል «አይሠራም» ብለው ያንብቡና በዚያው ልክ ይክፈሉ።

አስመስሎ የተሠራን መለየት

ለመብራት ዘመን ጌሞች አስመስሎ መሥራት ትርፍ ስለሌለው አያሳስብም። ችግሩ የአድቫንስ ካርትሪጅ ላይ ነው። እኔ ራሴ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብዬ የተደሰትኩበት አንድ የኤፍ-ዜሮ ካርትሪጅ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ መናገር አልችልም። ዛሬ የማደርገው ይህ ነው። ካርትሪጁን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌ ስቲከሩ ላይ ያለ ቀለም የታተመ ጎድጓዳ ቁጥር እፈልጋለሁ፤ በእውነተኛው ላይ በጣት ጫፍ ሊዳሰስ የሚችል ሁለት አኃዝ፣ አንዳንዴም ፊደል ተከትሎት አለ። ከዚያ በታችኛው ክፍት በኩል ከወርቃማዎቹ መነኪያዎች በላይ በቦርዱ ላይ የተጻፈውን የኒንቴንዶን ስም አያለሁ። ጀርባው ላይ ያለው ብሎን ባለ ሦስት ክንፍ መሆን አለበት፤ በተራ ካቻቢቴ የሚፈታ ከሆነ ቢያንስ ተከፍቶ ያውቃል። የስቲከሩ ቀለም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ የፊደሉም ጠርዝ የደበዘዘ ከሆነ መግዛቱን እተወዋለሁ።

በአንዳንድ ካርትሪጆች ውስጥ ውጤትን የሚያስቀምጥ ትንሽ ክብ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲሞት ጌሙ ይሠራል፣ የተመዘገበው ሰዓት ግን መሣሪያው ሲዘጋ ይጠፋል። ይህ ጉድለት ቀላል ስለሆነ ዋጋውን በጥቂቱ ብቻ ይቀንሳል።

ዋጋውን ማስላት

ሻጭ የጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም። በኢቤይ ላይ አንድን ጌም በብዙ መቶ ዶላር ለጥፎ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ያ ቁጥር የእርሱን ምኞት እንጂ የገበያውን ሁኔታ አይነግርዎትም። ፍለጋውን «የተሸጡ» በሚለው ማጣሪያ ወስነው የቅርብ ወራቱን ሽያጮች ብቻ ይዩ። ዋጋው ላይ መስመር ከተሰረዘበት ገዢው ዝቅ ያለ ዋጋ አቅርቦ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ስለሆነ፣ የሚታየውን ቁጥር እንደ ጣሪያ ብቻ ይያዙት። የሚያወዳድሩትም አንድ ዓይነት እቃ መሆን አለበት፤ ብቻውን ያለ ጌም ከብቻው፣ ካርቶንና ማኑዋል ያለው ከመሰሉ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተው ከመሰሉ።

አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ቁጥር ላስቀምጥ። የአንድ ጌም አምስት ሽያጮች 30፣ 38፣ 40፣ 44 እና 110 ዶላር ቢሆኑ አማካዩን አያስሉ፤ 110 የሆነው ሲከፈት ካርቶን ያለው ሆኖ ይገኛልና ሌሎቹን ያለ አግባብ ያንራቸዋል። መካከለኛውን፣ ማለትም 40ን ይያዙ። የእርስዎ ፊት ያለው ክዳን ከሌለው ክዳኑ ለብቻው ሲሸጥ የሚያወጣውን 8 ይቀንሱ፤ ዝገቱን አጽድቶ አንድ ሽቦ ለመቀየር ባለሙያ የሚጠይቀውን 10 ይቀንሱ፤ ጥገናው ላይሳካ ስለሚችልም ጥቂት ይቀንሱ። ከ20 በላይ መክፈል አይገባም። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የመላኪያና የጉምሩክ ወጪው ብዙ ጊዜ ከእቃው ስለሚበልጥ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ሲመጣ ይዞት እንዲመጣ ማድረግ ብልህነት ነው፤ ባትሪው ግን ወጥቶ ለብቻው ይሁን።

ብርቅ መሆን ብቻውን ዋጋ አይሠራም። ማንም የማያስታውሰው ጌም ሦስት ብቻ ቢቀር እንኳ ሦስት ፈላጊ ላይኖረው ይችላል፤ በሚሊዮን የተሸጠ ማሪዮ ካርት ግን ዛሬም የሚጫወተው ስላለ ዋጋው አይወርድም። ኤፍ-ዜሮ ክላይማክስን የሚያስወድደው በጃፓን ብቻ መሸጡና በየትኛውም አገር መሣሪያ ላይ መሥራቱ ሲገናኙ ነው። ካርቶን ደግሞ ራሱን የቻለ እቃ ነው፤ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ስለሚጥሉት ከጌሙ በላይ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የተቀደደም ቢሆን አይጣል፣ በፕላስተርም አይለጠፍ።

አቀማመጥና መዝገብ

ጌሙን ባትሪው ውስጡ እያለ አያስቀምጡ፤ ከላይ የተናገርኩት የባትሪ ዝገት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከፀሐይ ይራቅ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብሮት ይቀመጥ። የወየበ ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚነጣ አውቃለሁ፤ ሆኖም ቀለሙ ወጥ ሳይሆን የመቅረት፣ ፕላስቲኩም የመሰባበር አደጋ ስላለው የራሴን አላነጣም። ማኅተምና ስቲከር ያለበትን ቦታ አልኮል እንዳይነካው ይጠንቀቁ።

ለእያንዳንዱ እቃ በደብተር አንድ ገጽ ይስጡት። የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው፣ የጎደለው፣ የተጠገነውና የጠገነው ሰው ይጻፍ፤ በየስድስት ወሩ አዲስ ባትሪ አስገብተው አንድ ጊዜ ይጫወቱበትና ሁሉም ቁልፍ መሥራቱን ይመዝግቡ፤ ከዚያ ባትሪውን ያውጡ። የተፈገፈገው ኦቶ ሬስ ገጽ ላይ በመጨረሻ የጻፍኩት ይህ ነው፦ አራቱም ማርሽ ይሠራል፣ ሦስቱም መስመር ይበራል፣ አራት ዙር ተጠናቋል፣ በጀርባው ያለው የልጁ ስም አልተነካም።